ቆባውን አይታችሁ ትከሉ፦ የአተር ዘመድ የጌጥ ዛፎች ከዘር እስከ አበባ

ሰው የጌጥ ዛፍ የሚመርጠው በአበባው ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። መንገድ ዳር ቀይ ለብሶ የቆመ ዛፍ አየሁ፣ ከሥሩ ዘር ለቀምኩ፣ ወስጄ ተከልኩ። የዛፉን እውነተኛ ባህርይ የነገረኝ ግን አበባው ሳይሆን ቆባው ነው። ቆባ የምለው ዘሩን የያዘውን ሽፋን ነው፤ አተር ስትፈለፍሉ እጃችሁ ላይ የሚቀረውን ማለቴ ነው። ዛፉ ስንት ቆባ ያንጠለጥላል? ቆባው ራሱ ይፈነዳል ወይስ እንደተዘጋ ይወድቃል? ዘሩን ማን ይበላዋል? ይህን ሳትጠይቁ የተከላችሁት ዛፍ ወይ አይበቅልላችሁም፣ ወይ ደግሞ ይበቅልባችኋል።

መመሪያው ለሞቃት አካባቢ ነው። ውርጭ የሚበረታበት ቦታ ላላችሁ አብዛኞቹ አይሆኑም።

1. መጀመሪያ ዘመዱን ለዩ

የአተር ቤተሰብ ግዙፍ ነው። ወደ 19,500 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። አተርና ባቄላ ብቻ ሳይሆኑ ግራር፣ ኮርች፣ ሉኪና እና የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ፍላምቦያንት ሁሉ እዚሁ ናቸው። አበባቸው ጨርሶ አይመሳሰልም። የኮርች አበባ ቀይ ምንቃር ይመስላል። የግራር የጥጥ ኳስ ነው። የባውሂኒያ ደግሞ ኦርኪድ ነው ብላችሁ ትከራከራላችሁ። አንድ ቤተሰብ መሆናቸው የሚታወቀው ቆባውን ስታዩ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጃካራንዳ የአተር ዘመድ አይደለም። ቅጠሉ ከድሬዳዋ ዛፍ ጋር ቁርጥ አንድ ስለሆነ ያሳስታል። ፍሬውን አንሱና እዩት፤ ክብና ጠፍጣፋ ነው፣ ሲከፈት ወረቀት የመሰለ ክንፍ ያለው ስስ ዘር ይወጣል። ይህ ለወሬ ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የምነግራችሁን የፈላ ውሃ ጃካራንዳ ላይ ካፈሰሳችሁ ዘሩ ያልቅለታል።

ዘር ስትገዙ የሳይንስ ስሙም ግራ እንዳያጋባችሁ። አካሲያ የሚለው ስም ዛሬ በይፋ በአብዛኛው የአውስትራሊያዎቹ ነው። የአፍሪካ ግራሮች ቫቸሊያ እና ሴኔጋሊያ በሚሉ ስሞች ተከፋፍለዋል። ጉዳዩ በእጽዋት ሊቃውንት ጉባኤ ላይ በ2005 እና በ2011 እ.ኤ.አ. ብዙ አጨቃጭቋል። በአማርኛ ግን ግራር ያው ግራር ነው፣ ተገላገልን።

2. ቦታችሁን ለኩ፣ ከዚያ ምረጡ

ለጠባብ ግቢ የመጀመሪያ ምርጫዬ የባርቤዶስ ኩራት የሚባለው ቁጥቋጦ ነው። የባርቤዶስ ብሔራዊ አበባ ነው። ቁመቱ ከ2 እስከ 3 ሜትር ነው። ቀይና ብርቱካናማ ቅጠለ አበባው ዙሪያውን ቢጫ ተዘምዝሟል፣ ከመሀሉ ረጃጅም ቀይ ክሮች ይወጣሉ። ከዘር ተነስቶ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ያብባል። ትዕግሥት ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ቆባው ሲደርቅ ጠምዘዝ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ይረጫል፣ ስለዚህ ከሥሩ ቡቃያ መልቀም አይቀርላችሁም። እሾህም አለው።

እሾህ የማትፈልጉ ካላችሁ ካሊያንድራ አለላችሁ። አበባዋ ቀይ የፓውደር መቀቢያ ይመስላል፣ ወፍም አይጠፋባትም።

ለመካከለኛ ግቢ ባውሂኒያ ጥሩ ነው። ቅጠሉ ለሁለት የተሰነጠቀ ሰኮና ይመስላል። የእጽዋት ሊቁ ሊኒየስ ስሙን የሰጠው ዮሃንና ካስፓር ባውሂን ለሚባሉ ሁለት ወንድማማች የእጽዋት ሊቃውንት መታሰቢያ ነው፤ ቅጠሉም ሁለት ሆኖ አንድ ነው። ዝርያውን ግን ለዩ። ቫሪጋታ የሚባለው ባውሂኒያ ጠፍጣፋ ቆባ በገፍ ያወጣል፤ በፍሎሪዳ ከግቢ ወጥቶ ጫካ ገብቷል ተብሎ በወራሪነት ተመዝግቧል። ብሌኬያና የሚባለው ደግሞ መካን ነው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሆንግ ኮንግ ባንዲራ ላይ ያለችው አበባ የእሱ ናት። ቆባ ስለማያወጣ የሚባዛው ቅርንጫፉን ሌላ ግንድ ላይ በማጣበቅና በቅርንጫፍ ቁራጭ ብቻ ነው። የብሌኬያና ዘር አለኝ የሚል ነጋዴ ካገኛችሁ ኪሳችሁን ያዙ።

የወርቅ ዝናብ የሚባለው ካሲያ ፊስቱላም እዚሁ ምድብ ነው። የታይላንድ ብሔራዊ አበባ ነው። ቢጫ ዘለላው ሲወርድ ዛፉ ሁሉ ሻንዴሊየር ይሆናል። ለኔ ዋናው ውበቱ ግን ቆባው ነው። እንደ ጥቁር ዱላ ክብ ሆኖ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ አይፈነዳም፣ ዘሩን አይረጭም። ከሥሩ ለቅማችሁ መጣል ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ጥቁር ሙጫ መሰል ነገር ኃይለኛ የሆድ ማስቀመጫ ስለሆነ ልጆች እንዳይልሱት ጠብቁ።

ሰፊ ቦታ ካላችሁ ብቻ ወደ ድሬዳዋ ዛፍ ኑ። የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው። እዚያ በተፈጥሮ ቦታው እየተመናመነ ነው፤ በሌላው ዓለም ግን ሞቃት ከተማ ሁሉ አለ። ከቁመቱ ይልቅ ጎኑ ይሰፋል፣ እንደ ጃንጥላ። አበባውን አንድ ጊዜ ቀርባችሁ እዩት። አራቱ ቅጠለ አበባ ቀይ ናቸው፤ አምስተኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ነጭና ቢጫ ሆኖ ቀይ ነጠብጣብ አለበት። ሥሩ ግን ጠላት ነው። ላይ ላዩን ይሄዳል፣ ያነሳል፣ ይሰነጥቃል። ከቤት፣ ከአጥርና ከውሃ ቧንቧ ቢያንስ 8 ሜትር አርቁት፣ 10 ብታደርጉት ደግሞ ትመርቁኛላችሁ። እኔ 3 ሜትር ላይ ተክዬ አጥሬ ሆዱን ነፍቶ ቀርቷል።

3. እነዚህን አትትከሉ

አንድ ችግኝ ጣቢያ «ፈጣን አጥር» ብሎ የሸጠልኝ ሉኪና ነበር። ፈጣንነቱ እውነት ነው። በመጀመሪያው ዓመት አበበ፣ ወዲያው ቡናማ ቆባ እንደ ጥልፍ ተንጠለጠለበት። ሉኪና ሌላ ዛፍ አያስፈልገውም፣ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። አንድ ችግኝ ለብዙ ሺህ ይበቃል። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የ100 አደገኛ ወራሪዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ለከብት ጥሩ መኖ መሆኑን አልክድም። ሚሞሲን የሚባል መርዝ ስላለው ግን ፈረስ አብዝቶ ከበላው ጋማና ጭራው ይረግፋል።

ብላክ ዋትል የሚባለው የአውስትራሊያ ግራርም በዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። ደቡብ አፍሪካ ለቆዳ ማልፊያ ቅርፊቱ ብላ አስገባችው፤ ወንዝ ዳር ተሰልፎ ውሃውን ይጠጣል። ዘሩን የሚበሉ ነቀዞች ከአውስትራሊያ አስመጥተው ለቀውበታል። ልብ በሉ፤ ዛፉን ሳይሆን ዘሩን ነው የሚያስበሉት።

ፕሮሶፒስ የሚባለውን ወራሪ ዛፍ ስሙን የሰማ ያውቀዋል። ቆባው ጣፋጭ ነው፣ ከብትና ፍየል ይወዱታል። ዘሩ ሆዳቸው ውስጥ ይለሰልሳል፣ ከፋንድያ ጋር ሌላ ቦታ ያርፋል። ከዚህ የበለጠ ነፃ ትራንስፖርት የለም። ፓርኪንሶኒያ የሚባለው ዛፍና ሴና ስፔክታቢሊስ የሚባለው የሴና ዝርያም ያምራሉ፤ ግን የመጀመሪያው በአውስትራሊያ፣ ሁለተኛው በምሥራቅ አፍሪካና በሕንድ ደኖች ያደረሱትን ያየ ሰው ግቢው አያስገባቸውም። በየአገሩ ወራሪ የሚባለው ስለሚለያይ ከመትከላችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ዝርዝር ጠይቁ።

4. ዘር መልቀም

ቆባው ዛፉ ላይ ሳለ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ልቀሙት። አረንጓዴ ቆባ አትሸምጥጡ፣ ዘሩ አልደረሰም። የድሬዳዋ ዛፍ ቆባ እንጨት ስለሚሆን በመዶሻ ወይም በድንጋይ ጠርዙን መትታችሁ ክፈቱት።

ዘሩን ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ እዩ። ክብ ቀዳዳ ያለበት ነቀዝ በልቶት ወጥቷል፤ ጣሉት። የቀረውን ውሃ ውስጥ ጨምሩት። የሚንሳፈፈው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። የሰመጠውን ወዲያው ካልዘራችሁት አድርቁትና በደረቅ ብልቃጥ ውስጥ ከድናችሁ አስቀምጡት። ዓመታት ይቆይላችኋል።

5. ዘሩን መቀስቀስ

የዚህ ቤተሰብ ዘር ብዙውን ጊዜ ውሃ የማያስገባ ጠንካራ ሽፋን አለው። ውስጡ ደህና ነው፣ ግን በሩ ተቆልፏል። ይህ መቆለፍ ምን ያህል እንደሚያቆይ የሚያሳይ ደስ የሚል ታሪክ አለ። በ1793 እ.ኤ.አ. ከቻይና የተለቀመ፣ አልቢዚያ የሚባል የዚሁ ቤተሰብ ዛፍ ዘር ለንደን ባለ አንድ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በ1940 ሙዚየሙ በቦምብ ተመታ፣ እሳት ተነሳ፣ እሳቱን በውሃ አጠፉ። ከተለቀመ ከ147 ዓመት በኋላ ዘሩ በቀለ። ሙቀት፣ ከዚያ ውሃ። እኛም የምናደርገው ይኸንኑ ነው፣ ያለ ቦምብ።

ሁለት መንገድ አለ። ዘራችሁ ጥቂት ከሆነ የመጀመሪያውን ያዙ።

የጥፍር መቁረጫ፦ የድሬዳዋን ዛፍ ዘር ምሳሌ እናድርግ። ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ቡናማና ዥንጉርጉር፣ ድንጋይ የመሰለ ነው። እንብርቱን ፈልጉ፤ ከቆባው ጋር ተጣብቆበት የነበረው ነጥብ ነው። ጽንሱ እዚያ አካባቢ ስለሆነ አትንኩት። በተቃራኒው ጫፍ በጥፍር መቁረጫ ትንሽ ቀንጥቡ። «ቀጭ» ትላለች። ከቡናማው ሥር ነጣ ያለ ነገር ሲታይ አቁሙ። መቁረጫ ከሌለ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እሹት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ አሳድሩ። ጠዋት ዘሩ እጥፍ አብጦ፣ ሽፋኑ እንደ ላስቲክ ለስልሶ ታገኙታላችሁ። ያላበጠ ካለ አልተቆረጠም፤ ድገሙት።

የፈላ ውሃ፦ ዘሩ ብዙ ሲሆን ይመቻል። ከዘሩ ከ5 እስከ 10 እጥፍ የሚሆን ውሃ አፍሉ። ከእሳት አውርዱ። ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቁና ዘሩን ጨምሩ። በዚያው ውሃ ውስጥ እየቀዘቀዘ ይደር። አደራ፣ እሳት ላይ እንዳለ አትጨምሩ። እኔ የመጀመሪያውን እፍኝ ዘር እሳት ላይ ረስቼው ቀቅዬዋለሁ። ሁሉም ቆንጆ አድርጎ አበጠ፣ አንድም አልበቀለም።

ባውሂኒያና ካሊያንድራ ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም። ሽፋናቸው ስስ ነው። ትኩስ ዘር ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ማሳደር ይበቃል። የፈላ ውሃ ይጎዳቸዋል። ሳልነግራችሁ የማላልፈው ደግሞ የኮርች ዘር ነው፤ ቀይ ስለሆነ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ ይከቱታል፣ መርዝ አለው፣ በተለይ ከተቀነጠበ በኋላ። ጠረጴዛ ላይ ትታችሁት አትሂዱ።

6. መዝራት

ያበጠ ዘር ቀን አይሰጥም፣ በዚያው ቀን ዝሩት። ቀጥታ በችግኝ ላስቲክ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ዋና ሥራቸው ቶሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ከመደብ ነቅሎ ማዛወር አይወዱም። ላስቲኩ ረዘም ያለ ይሁን፣ ታቹ በደንብ የተበሳ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ዘሩን የውፍረቱን ሁለት እጥፍ ያህል ቅበሩት። ከዚያ በላይ ካወረዳችሁት ታፍኖ ይቀራል።

በሞቃት ቦታ የተቀነጠበ የድሬዳዋ ዘር በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ብቅ ይላል። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ወፋፍራም የዘር ቅጠሎች ናቸው። አንዳንዴ ሽፋኑ እንደ ቆብ ጭንቅላቱ ላይ ይቀራል። አትጎትቱት። ውሃ ርጩበትና ጠብቁ፣ ራሱ ያወልቀዋል። ቡቃያው በአንድ ሌሊት አንገቱ ቀጥኖ ተኝቶ ካገኛችሁት ፈንገስ ነው፤ ውሃ አብዝታችኋል። ከዚያ በኋላ አፈሩ ላይ ላዩን ሲደርቅ ብቻ አጠጡ።

ማታ ማታ አንዳንዶቹ ቅጠላቸውን ሲያጥፉ ደግሞ አትደንግጡ። ጠወለገ ብላችሁ ውሃ ይዛችሁ አትሩጡ። ተኝተው ነው።

7. ወደ መሬት ማዛወር

ችግኙ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ዝናብ ሲጀምር ትከሉት። ጉድጓዱ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ውሃ የሚያቁር ቦታ አትምረጡ። ላስቲኩን ቀዳችሁ ስታወጡት የሥሩን ታች እዩ። እንደ ምንጭ ሽቦ ተጠምጥሞ ከሆነ የተጠመጠመውን በስለት ቁረጡት። ቢያሳዝንም ቁረጡት። የተጠመጠመ ሥር ከዓመታት በኋላም ተጠምጥሞ ይቀራል፣ ያኔ ነፋስ ዛፉን ይጥለዋል።

አንገቱን፣ ማለትም ግንድና ሥር የሚገናኙበትን ቦታ፣ ከአፈር በላይ አድርጉ። ዙሪያውን ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ግንዱን ግን አይንካው። በመጀመሪያው የበጋ ወራት በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ በደንብ አጠጡት። በየቀኑ በጥቂቱ ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል።

8. ማዳበሪያ፣ አንድ የተለመደ ስህተት

«የአተር ዘመድ ስለሆነ ናይትሮጅኑን ራሱ ከአየር ያመጣል» ይባላል። ለግራር፣ ለኮርች፣ ለሉኪናና ለካሊያንድራ ልክ ነው። በሥራቸው ላይ ትናንሽ እንክብሎች አሉ፤ ውስጣቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው ሥራውን የሚሠሩት። አንዱን እንክብል በጥፍር ክፈሉት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ሮዝ ያደረገው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ነገር ነው።

የድሬዳዋ ዛፍ፣ ካሲያ፣ ሴና እና ባውሂኒያ ግን እንክብሉን አያወጡም። ቤተሰቡ ውስጥ ናቸው፣ ሙያው የለባቸውም። ስለዚህ ለእነሱ በዓመት አንዴ ኮምፖስት ስጡ። አታብዙ። ናይትሮጅን የበዛበት ዛፍ ቅጠል በቅጠል ይሆንና አበባውን ይረሳዋል። የድሬዳዋ ዛፍ ለማበብ ደረቅ ወቅትም ይፈልጋል፤ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚጠጣ ዛፍ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ከ5 ዓመት በታች ካበበላችሁ ዕድለኛ ናችሁ፣ 10 ዓመት የሚያስጠብቅም አለ።

9. መግረዝ

የድሬዳዋ ዛፍ እንጨቱ ተሰባሪ ነው። በልጅነቱ አንድ ግንድ ብቻ አስቀሩለት፣ እስከ 2 ሜትር ተኩል ድረስ የጎን ቅርንጫፎችን ቀስ በቀስ አንሱ። እንደ ወንጭፍ ባላ ጠባብ ሆነው የሚወጡ ሁለት እኩል ቅርንጫፎች ካሉ አንዱን አስወግዱ። ትልቅ ሲሆን የሚሰነጠቀው እዚያ ጋ ነው።

የባርቤዶስ ኩራት የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው፤ ሙቀት ከመመለሱ በፊት ጠበቅ አድርጋችሁ ቁረጡት። ባውሂኒያን ካበበ በኋላ። ካሲያ ፊስቱላን ከደረቀው በቀር አትንኩት።

ወራሪ ያልሆነ ሴና የተከላችሁ ቅጠሉ ላይ አረንጓዴ አባጨጓሬ ታያላችሁ። ቢጫ ቢራቢሮዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። መድኃኒት አትርጩ፣ ዛፉ ያገግማል።

10. ቆባው እንዳያመልጣችሁ

ዛፉ ማበብ ከጀመረ ሥራችሁ ይህ ነው። አበባው ረግፎ ቆባው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ የሚደረስበትን ቁረጡ። በተለይ የሚፈነዱትን። የደረቀውን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት፤ ያ ጠንካራ ሽፋን የብስባሹን ሙቀት ይቋቋምና ኮምፖስቱን በበተናችሁበት ሁሉ ይበቅላል።

የማትፈልጉትን ዛፍ ስታስወግዱ ግንዱን ቆርጦ መሄድ አይበቃም። ሉኪና ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ እንዲያውም በአንዱ ፋንታ አምስት ሆኖ። ፕሮሶፒስ የሚያቆጠቁጠው ከመሬት በታች ካለው የግንዱ ክፍል ነው፤ ቆፍራችሁ ሥሩን ከዚያ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡት። ዋትል ያለበትን ቦታ ካቃጠላችሁት ደግሞ መሬት ውስጥ የተኛውን ዘር ትቀሰቅሱታላችሁ፤ የለንደኑን እሳት አስታውሱ።

ከዚያ በኋላ በየክረምቱ ወደ ቦታው ተመለሱ። ቡቃያው የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይታያል። አፈሩ እርጥብ ሳለ በሁለት ጣት ይነቀላል። አንድ ዓመት ካሳለፋችሁት ዶማ ይዛችሁ ትመጣላችሁ።